ታፔላ የሌለው ጊታር ቤት፦ «የእገሌ ጊታር ነበር» የተባለውን የት እናስመርምር?

ከአያት የባቡሩ መጨረሻ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ የግንባታ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች መሃል አንድ ጠባብ ጊታር ቤት አለ። ታፔላ አልሰቀለም፤ ምልክቱ በመስኮቱ የሚታየው ክር አልባ ቤዝ ጊታር ነው። ያገለገለ መሣሪያ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይጠግናል። እዚህ የሚመዘነው ግን ሌላ አገልግሎቱ ነው፦ «ይሄ እኮ የእገሌ ጊታር ነበር» ተብሎ የሚመጣን መሣሪያ ፈትሾ በጽሑፍ ግምት ይሰጣል። ክፍያው 2,500 ብር ነው። ሦስት ቀን ያስጠብቃል፤ ሁለት ገጽ ወረቀትና ፎቶዎች ያስረክባል።

ስለ እንጨቱና ስለ ኤሌክትሪኩ የሚሰጠው ፍርድ እምነት የሚጣልበት ነው። ስለ ስሙ፣ ማለትም ጊታሩ የማን ነበር ስለሚለው የሚጽፈው ግን ገና ይቀረዋል። በዕቃ አያያዙ ላይ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል መታረም ያለበት ጥፋት አለ።

ሻጮች ዋጋ ሲጠሩ የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ከውጭ የሰሙትን የጨረታ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የኒርቫና ባንዱ ከርት ኮቤይን በ1993ቱ የኤምቲቪ አንፕለግድ ዝግጅት ላይ የተጫወተበት የ1959 ሥሪት ማርቲን ዲ-18ኢ ጊታር በ6,010,000 ዶላር ተሸጧል። ዜናው እውነት ነው፤ ከዜናው የሚቀዳው ሒሳብ ግን ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ማርቲን ይህን ሞዴል የሠራው 302 ብቻ ስለሆነ ብርቅ ነው፤ ሚሊዮኖቹን ያመጣው ግን ብርቅነቱ አይደለም። ዝግጅቱ በቪዲዮ ተቀርጿል፤ ጊታሩም በግልጽ ይታያል። ለጨረታ የቀረበውም ከነሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ተጀምሮ የቀረ የክር ፓኬት፣ ፒኮችና ትንሽ ከረጢት ነበሩ፤ ሳጥኑ ላይም ኮቤይን የለጠፈው በራሪ ወረቀት እንዳለ ነበር። መነሻ ግምቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቀሪው አምስት ሚሊዮን የእንጨት ዋጋ አይደለም፤ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ማስረጃ ያስገኘው ነው።

ጊታር ቤቱ ይህን ልዩነት በሚገባ ይዞታል። ግምቱን የሚጽፈው በሁለት የተለያዩ መስመሮች ነው፤ አንዱ የዕቃው ዋጋ፣ ሌላው የስሙ ዋጋ። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ሁለቱ ዋጋዎች የሚታዘዙት ለተለያየ ሕግ ነው፤ አንዳንዴም ለተቃራኒ። ስም የሌለው አሮጌ ጊታር ቀለሙ ተልጦ እንደገና ከተቀባ በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ከተቀየረ፣ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ፣ አንገቱ የሌላ ጊታር ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። ስም ያለው ጊታር ላይ ግን ያው ጉድለት መታወቂያ ይሆናል። የኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ» ከሦስት ስትራቶካስተሮች (የፌንደር ሞዴል ነው) ክፍል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በ959,500 ዶላር ተሸጧል። የዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር አንገቱና ፒካፑ በተደጋጋሚ የተለዋወጠ፣ እንጨቱም የተቦረቦረ ነው፤ በ2019 ክሪስቲስ በ3,975,000 ዶላር ሸጦታል። ከፒተር ግሪን ወደ ጋሪ ሙር፣ በኋላም ወደ ኪርክ ሃሜት የተሻገረው የ1959 የጊብሰን ሌስ ፖል ጊታር ደግሞ ያንን የሚታወቅበትን ቀጭን፣ ከአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ያገኘው የአንዱ ፒካፕ ማግኔት ተገልብጦ በመግባቱ ነው። ቅን ጠጋኝ አግኝቶ ማግኔቱን «ቢያስተካክለው» ጊታሩን ገደለው ማለት ነው።

ስለዚህ የቤቱ የመጀመሪያ ደንብ ተገቢ ነው፦ ምርመራው ሳያልቅ ጨርቅ እንኳን አይነካውም። ላብ፣ የሲጋራ ቃጠሎ፣ የታጠፈ ክር ጫፍ፣ አንገት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የዘፈን ዝርዝር፣ ሁሉም ባለበት ፎቶ ይነሳል። ጊታሩን አሳምረው፣ በዘይት ወልውለው የሚያመጡ ሰዎች የሚያጠፉት ይህንን ነው። «ጋሼ፣ ለሠርግ አይደለም እኮ የሚሄደው» ይላል ባለቤቱ፣ በትሕትናም ቢሆን።

ምርመራው ሲጀመር ሴሪያል ቁጥሩ ይነበባል። ቁጥሩ እንደ መኪና ሻንሲ ነው፤ ብቻውን ባለቤት አይመሰክርም፣ ውሸትን ግን ቶሎ ያጋልጣል። በአሜሪካኖቹ ፌንደሮች የራስጌው ቁጥር ኤስ ካለው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ኢ ካለው የ1980ዎቹ፣ ኤን ካለው የ1990ዎቹ፣ ዜድ ካለው የ2000ዎቹ ነው፤ ተለጣፊው አስቀድሞ ስለሚታተም የአንድ ሁለት ዓመት መዛነፍ ግን አለ። ጊብሰን ከ1977 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር ይበልጥ ይናገራል፦ አንደኛውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ደግሞ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። 82765501 ማለት በ1985 በ276ኛው ቀን የታተመ ነው። በአኩስቲክ ማርቲን ቁጥሩ ውስጥ፣ በድምፅ ቀዳዳው በኩል በሚታየው የአንገት መያዣ እንጨት ላይ ነው፤ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስተዋት ይነበባል።

ቀጥሎ አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይፈታል። ይህ እርምጃ በሌሎች ቦታዎች በግዴለሽነት ሲሠራ ስለሚታይ እዚህ የሚደረገውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ክሮቹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይላላሉ፤ ተወጥረው አንገት ከተፈታ ብሎኑ የገባበት እንጨት ሊሰነጠቅ ይችላል። አራቱ ብሎኖች በየነበሩበት ቦታ ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይሰካሉ፤ ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ አንዱ ተቀይሯል ማለት ነው። በአንገቱ ግርጌ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ካለ ፎቶ ይነሳል። ሲገጠም ብሎኑ መጀመሪያ ወደ ግራ በቀስታ ይዞራል፤ ወደ ቀድሞው ጥርሱ «ቀጭ» ብሎ ሲገባ ብቻ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። እንዲህ ካልተደረገ ብሎኑ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ብሎኑ መያዙን ይተዋል።

ከዚያ ወደ ቮሊዩምና ቶን ቁልፎቹ ይገባል። በብረቱ ጀርባ ላይ የተመታው ቁጥር ከሁሉም የተሻለ ምስክር ነው። ለምሳሌ 1376612 ቢል፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፣ 66 የ1966 እ.ኤ.አ. ዓመት፣ 12 አሥራ ሁለተኛው ሳምንት። 304 ቢጀምር አምራቹ ስታክፖል ነው። ይህ የሚነግረን ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት እንዳልተገጣጠመ ብቻ ነው፤ ቁልፎች ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት መጋዘን ውስጥ ይቆያሉ። ስታኞውም ይታያል። የድሮው ግራጫና ደብዘዝ ያለ ነው፤ አጠገቡ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ካለ አንድ ሰው ገብቶበታል። በመጨረሻ ክፍሉ ጨልሞ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበራል። ናይትሮ የሚባለው የድሮ ጊታሮች ቫርኒሽ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል፤ በኋላ የተቀባው ቦታ ጠቁሮ እንደ ጥላ ይታያል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ፤ ጊታር ቤቱ ይህን ማወቁ ትልቅ ምስጋና የሚገባው ነው። ሻጩ «የስልሳ ስድስት ጊታር ነው» ሲል በእኛ አቆጣጠር እየተናገረ ነው፤ ይህም እንደ ወሩ 1973 ወይም 1974 እ.ኤ.አ. ነው። ገዢው ቁልፉ ላይ 66 ሲያይ «ገጠመ!» ብሎ ይደሰታል። አልገጠመም፤ በመሃሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በተቃራኒው ደግሞ እውነተኛው ታሪክ በዚሁ ምክንያት ውሸት መስሎ የወደቀበት ጊዜ አለ። በቤቱ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ዓመት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። አንድ ጊታር በ1962 ዓ.ም. በታተመ ሸክላ ላይ ተሰምቷል ከተባለና ያልተነካው ቁልፉ 1977 እ.ኤ.አ. ካለ፣ ወሬው እዚያው አበቃ። ስታኞው ካልተነካ ማለት ነው፤ ቁልፉ በኋላ ተቀይሮ ከሆነ ምንም አይናገርም።

ስሙን ማረጋገጥ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ትልቁ መሣሪያ ፎቶ ከጊታሩ ጋር ማስተያየት ነው። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ጊታር አንድ ዓይነት የለውም። ጆን ሌነን በ1962 ሊቨርፑል ውስጥ የገዛው ጊብሰን ጄ-160ኢ በ1963 መጨረሻ ጠፍቶ፣ ምንነቱን ባላወቀ ሰው እጅ አሥርት ዓመታት ቆይቶ የታወቀው በሴሪያል ቁጥሩና የፊቱን እንጨት መስመር ከድሮ ፎቶዎች ጋር በማስተያየት ነው። በ2015 በ2.41 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የእኛ ችግር ፎቶው ነው። የካሴት ሽፋን ላይ የሚታየው ድምፃዊው ነው እንጂ ጊታሪስቱ አይደለም። በሮሃና በዋልያስ ዘመን አገር ምድሩ የሚያውቀውን ዜማ የመታው እጅ የት አለ ቢባል፣ ከቤተሰብ አልበም፣ ከባንድ የቡድን ፎቶና ከቴሌቪዥን ቀረጻ ሌላ መፈለጊያ የለም። ስለዚህ የጊታሩን ባለቤት ቤተሰብ አልበም ሳያዩ መግዛት በጨለማ መግዛት ነው። ፎቶ ሲገኝም ተገልብጦ መታተሙ መጣራት አለበት። የኮት ቁልፍ በሴት ወገን ከተቆለፈ፣ ቀኝ መቺው ግራኝ ከመሰለ፣ ፊልሙ ተገልብጧል፤ ጭረቱም በተቃራኒው በኩል ነው የሚፈለገው። አስተማማኝ የሚሆኑት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የማይደገሙ ምልክቶች ናቸው፦ የጭረት ቅርጽ፣ የእንጨት ዓይን፣ የተፈነከተ ጠርዝ። ቀለምና ሞዴል መመሳሰሉ ምንም ማለት አይደለም፤ ፋብሪካው በሺህ ያመርታል።

ፊርማ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት በታች ነው። ጊታር ላይ መፈረም የጊታሩ ባለቤት መሆን አይደለም፤ ዝነኞች በሕይወታቸው ነክተው በማያውቁት ርካሽ ጊታር ላይ ይፈርማሉ። ፊርማው ያለበት የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች የተፈቱ ከሆነ ሽፋኑ ከሌላ ጊታር መጥቶ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ፊርማ ካለም ቫርኒሽ አይደፋበትም፤ ማርከሩ ይሟሟል።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ የንብረት ቁጥር ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የሀገር ፍቅር ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት መሣሪያ የተቋሙ ንብረት ነበር። በጀርባው በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ያለው መሣሪያ ሲመጣ ሻጩ አሸዋ ወረቀት ሊያሳርፍበት ይፈልጋል። ቤቱ ይህን አይሠራም፤ ልክ ነው። ያ ቁጥር ጊታሩ የት እንደነበረ የሚናገር ብቸኛው የጽሑፍ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ግን አብሮት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ እንዴት ወጣ? የመንግሥት ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው፤ ተወግዶ ከሆነም የጨረታ ሰነድ ይኖረዋል። ከእነዚህ አንዱ ካለ የስሙ ዋጋ ይጨምራል። ከሌለ ጊታሩ ለመሸጥም ያስቸግራል፤ ባለቤትነቱ አጠራጣሪ የሆነ ዕቃ ሃምሳ ዓመት ቢቆይም ጥያቄው አይዘጋም። የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ በ1972 ተሰርቆ፣ መመለሱ የተነገረው በ2024 ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ጉድለቶች። የመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ነው። ስለ ስሙ በሚጽፈው ክፍል «የእገሌ ሳይሆን አይቀርም» የሚል አነጋገር ይበዛል። ይህ ለገዢም ለሻጭም አይጠቅምም። መጻፍ ያለበት ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ የሚለው ነው። የቀድሞ የባንድ ባልደረባ «ይሄ ጊታር የእሱ ነው» ማለቱና የልጅ ልጅ «አያቴ የእሱ ነው ይሉ ነበር» ማለቱ እኩል ሚዛን የላቸውም፤ በወረቀቱ ላይ ግን እኩል ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ሙዚቀኞች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን በቪዲዮ መቅረጽ፣ ጊታሩን በእጃቸው ይዘው ምልክቶቹን እያሳዩ እንዲናገሩ ማድረግ ከማንኛውም ማኅተም ይበልጣል። ይህ ሥራ ሊዘገይ አይገባም።

ሁለተኛው፣ ገማቹ ራሱ ገዢ መሆኑ ነው። ዝቅ አድርጎ ሲገምት አይተናል ለማለት ሳይሆን፣ አሠራሩ ራሱ ለጥርጣሬ በር ስለሚከፍት ነው። ለምርመራ ሲያስረክቡ «ለመሸጥ አይደለም» ብለው ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። በቤቱ በኩል ለሌላ ሰው ከተሸጠ ኮሚሽኑ 15 ከመቶ ነው፤ ሲደራደሩ ወደ 12 ይወርዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ጊታሮቹ የተሰቀሉበት የግድግዳ መንጠቆ በብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ናይትሮ ቫርኒሽና ላስቲክ አይስማሙም፤ ከላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ ቫርኒሹን እያሟሟ በሳምንታት ውስጥ የሚያጣብቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ያ ምልክት ደግሞ ሳይቀባ አይጠፋም። የቀለሙን ዕድሜ በባትሪ የሚመረምር ቤት ያንኑ ቀለም በላስቲክ ማስበላቱ ያሳዝናል። መፍትሔው ግማሽ ሜትር አቡጀዲ ወይም ቁራጭ ቆዳ ነው።

እርጥበቱም ሊታሰብበት ይገባል። ለገጣፎ በበጋ ነፋሻ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ አየሩ በጣም ይደርቃል። ለአኩስቲክ ጊታር የሚመከረው እርጥበት ከ45 እስከ 55 ከመቶ ነው። ከዚያ በታች ሲቆይ የፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፎች ከአንገቱ ወጥተው ጣት ይቧጥጣሉ፣ የፊቱ እንጨት ይሰምጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ቤቱ የእርጥበት መለኪያ አለው፤ ግን ውድ የሆኑትን አኩስቲኮች ሳጥን ውስጥ አያስገባም። የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ከጊታሩ ራስጌ አጠገብ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ውኃ እስካላንጠባጠበ ድረስ።

ለተራ ጥገና ቤቱ ጥሩ ነው። ሙሉ ማስተካከያ 1,800 ብር፣ ክር በደንበኛው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ በቀጭኑ በኩል 1.6፣ በወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር አድርጎ ይመልሳል፤ አንገቱም በ7ኛው ፍሬት ላይ የሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ጎብጦ ይወጣል። ለዕለት መጫወቻ ይህ ትክክል ነው። ስም ያለበት ጊታር ላይ ግን ይህን ማስተካከያ አያሠሩ፤ ተጫዋቹ ያስቀመጠው ከፍታ ራሱ ማስረጃ ነው። መደረግ ካለበት አስቀድሞ ተለክቶ ይጻፍ፣ የወለቀው ክፍልም በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ተበላሸ ተብሎ የወጣ ፒካፕ እንኳን ከጊታሩ ጋር ሲሸጥ ዋጋ አለው፤ ብቻውን ከተጣለ የለውም።

ሲሄዱ ጊታሩን ከነሳጥኑ፣ ሳጥኑን ደግሞ ከነውስጡ ይውሰዱ፤ ያረጀ ክር፣ የተሰበረ ፒክ፣ የጥገና ደረሰኝ፣ የሆቴል ቁልፍ ቢሆን እንኳን አያውጡ። የቤተሰብ ፎቶዎችን ዋናውን ይውሰዱ፤ በስልክ የተነሳ የፎቶ ፎቶ የእንጨት መስመር አያሳይም። ዋናውን ግን እዚያው ሳሉ አስቀድተው ይዘው ይመለሱ፣ አይተዉት። ከመገናኛ በታክሲ ከሆነ ጠዋት ይሻላል፤ ሚኒባሱ ሲጨናነቅ ሳጥን ጣሪያ ላይ ይጭናሉ። ክሮቹን ለመንገዱ አንድ ሁለት ዙር ያላሉ፤ ሲያስረክቡም በመንጠቆው ላይ እንዳይሰቀል፣ በሳጥኑ ውስጥ እንዲቆይ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።